ሽንኩርቱን ልቀቁት! አህያውን ፈርተን ዳውላውን እየደበደብን ነው



ዛሬ ትንሽ ተቆጥቼ ነው የምጽፈው። ከወዲሁ ይቅርታ።

በዚህ ወር ብቻ አንዲቷን መልእክት ስንት ሰው እንደላከልኝ ቆጥሬ አልጨርሰውም። «ዶክተር፣ ይሄ እውነት ነው?» ከሚል ጥያቄ ጋር ትመጣለች። ይዘቷ ይህ ነው፦ የተከተፈ ሽንኩርት ካደረ መርዝ ይሆናል፤ በአካባቢው ያለውን ባክቴሪያና ቫይረስ ሁሉ ወደ ራሱ ይስባል፤ የበላው ሰው ይመረዛል። ቀጥሎ ደግሞ፣ በዚያው መልእክት ላይ፣ ይህንኑ «ጀርም የሚስብ» ሽንኩርት ቆርጣችሁ ማታ በልጃችሁ ካልሲ ውስጥ ብትከቱት ትኩሳቱን መጥጦ ያወጣል ይላል።

አንዲት እናት ክፍሌ ገብታ ስለዚህ ጠየቀችኝ። ግማሽ ሽንኩርት በተረፈ ቁጥር ትጥላለች። ሽንኩርት በኪሎ ከመቶ ብር በላይ የገባበትን ጊዜ ባየንበት አገር! «ቁሌቱንስ እንዴት ነው የምታስቀምጪው?» አልኳት። «እሱንማ እሁድ አብዝቼ እሠራዋለሁ፤ ድስቱ ውስጥ እንዳለ ምድጃው ላይ ይቀመጣል፤ እስከ ረቡዕ እየቀነስኩ እወጥበታለሁ» አለችኝ።

ክርክሬ እዚህ ላይ ነው። የማይገድለውን ሽንኩርት ቆሻሻ ውስጥ እንጥላለን፣ ሊገድል የሚችለውን ቁሌት ምድጃ ላይ እናሳድራለን። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። በሽንኩርት ዙሪያ የምንፈራውና መፍራት የሚገባን ቦታ ተለዋውጠዋል። ከመክተፊያው ጀምረን እስከ ድስቱ አንድ በአንድ እንያቸው።

1. «ያደረ ሽንኩርት ጀርም ይስባል»

አይስብም። ሽንኩርት ማግኔት አይደለም። ቫይረስም ባክቴሪያም ክንፍ አውጥቶ ወደ ሽንኩርት አይበርም።

ይህ ወሬ ከየት መጣ? በአውሮፓ በሽታ የሚመጣው ከመጥፎ ሽታና ከተበከለ አየር ነው ተብሎ ይታመንበት ከነበረ ዘመን የቀረ ነው። ሽታን በሽታ ያሸንፈዋል ብለው ሽንኩርት በየክፍሉ ያስቀምጡ ነበር። ከዚያ በኋላ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በሽታን የሚያመጡት በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት መሆናቸው ተረጋገጠ። ሳይንሱ ያንን እምነት ከተወው ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እኛ ግን ዛሬም በስልካችን እየተቀባበልነው ነው።

ታዲያ ስንከትፈው የሚሆነው ምንድን ነው? ቢላው የሽንኩርቱን ሕዋሶች ሲሰነጥቅ ለየብቻ ተቀምጠው የነበሩ ኢንዛይሞችና ሰልፈር ያለባቸው ንጥረ ነገሮች ይገናኛሉ። ከዚያ ጋዝ ይወጣል፤ ዓይናችን ውስጥ ይገባል፤ ዓይን ደግሞ ለማጠብ እንባውን ያፈሳል። ይህን የሚያስለቅስ ጋዝ የሚሠራውን ኢንዛይም የጃፓን ተመራማሪዎች በ2002 (እ.ኤ.አ.) ለይተው አሳውቀዋል። ሽንኩርቱ ሲቆረጥ የሚያደርገው ይህንን ነው፤ ያስለቅሳል። መርዝ አይሠራም።

እውነቱን ለመናገር ግን ሽንኩርት ሰው አሳምሞ አያውቅም አልልም። በ2020 አሜሪካ ውስጥ በሳልሞኔላ በተበከለ ሽንኩርት ምክንያት ከ1,100 በላይ ሰዎች ታመዋል። በ2024 ደግሞ እዚያው አሜሪካ በፈጣን ምግብ ቤቶች ከቀረበ ጥሬ የተቆራረጠ ሽንኩርት ጋር በተያያዘ የኢ. ኮላይ ወረርሽኝ 104 ሰዎች ታመው አንድ ሰው ሞቷል። እነዚህ ሽንኩርቶች ግን ከአየር ላይ ጀርም «ስበው» አልነበረም። ጀርሙ ከምግቡ ጋር የሚገናኘው በቆሸሸ ውሃ፣ በቆሸሸ እጅ፣ በቆሸሸ ዕቃ ነው።

ስለዚህ በቤታችሁ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ሽንኩርቱ አድሯል ወይ?» አይደለም። «እጄን ታጥቤያለሁ ወይ? ይህ መክተፊያ አሁን ጥሬ ሥጋ ወይም ዶሮ የተቆረጠበት ነው ወይ?» የሚለው ነው። ዶሮ የበለትንበትን መክተፊያ ጨርቅ አሳርፈንበት ለሰላጣ ሽንኩርት እንከትፍበታለን። ዶሮው ይበስላል፤ ሰላጣው ግን አይበስልም። ጥሬ ሥጋው ላይ የነበረው ጀርም በሰላጣው በኩል ልጃችን አፍ ይገባል። በዚህ ላይ ግን መልእክት ሲዞር አይቼ አላውቅም!

የተረፈውን ግማሽ ሽንኩርት ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ አድርጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት፤ ለቀናት ይቆያል። ከለሰለሰ፣ ከተሟለጨ፣ መጥፎ ሽታ ካመጣ ጣሉት። በላይኛው ልጣጭ ላይ የምታዩት ጥቁር ዱቄት ሻጋታ ነው፤ ጥቂት ከሆነ የተነካውን ንብርብር አንስታችሁ ማጠብ ነው። ውስጡ ድረስ ከዘለቀ ግን አትብሉት።

2. መፍራት ያለባችሁ ምድጃ ላይ ያደረውን ቁሌት ነው

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። እባካችሁ ይህን ክፍል ሳትዘሉ አንብቡት።

በጥቅምት 1983 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ ፔኦሪያ በምትባል ከተማ 28 ሰዎች ቡቱሊዝም በሚባል ከባድ መመረዝ ታመሙ። ዓይናቸው ብዥ አለ፣ ምላሳቸው ተሳሰረ፣ መዋጥ አቃታቸው። ከመካከላቸው መተንፈስ አቅቷቸው በማሽን የተረዱ ነበሩ። የጋራቸው ምን ነበር? አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ሳንድዊች በልተዋል። ሳንድዊቹ ውስጥ የነበረው ደግሞ ተቁላልቶ፣ በቀለጠ ማርጋሪን ተውጦ፣ ለሰዓታት ለብ ባለ ሙቀት ላይ የቆየ ሽንኩርት ነበር። ጥሬው አይደለም፤ የበሰለው ነው!

እንዴት? ይህን መርዝ የሚሠራው ባክቴሪያ መኖሪያው አፈር ነው፤ ሽንኩርትም የሚበቅለው አፈር ውስጥ ነው። ባክቴሪያው ራሱን በጠንካራ ቅርፊት ጠቅልሎ ሊተኛ ይችላል። በዚያ ሁኔታ ላይ ሳለ ተራ መፍላት አይገድለውም። እንዲያውም ስናበስል ሌሎቹ ጀርሞች ስለሚሞቱ ብቻውን ይቀርለታል። ከዚያ የሚያስፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ አየር የሌለበት ቦታ፣ አሲድ ያልበዛበት እርጥብ ምግብ፣ ለብ ያለ ሙቀት። ከላይ ዘይት የተንሳፈፈበት፣ ምድጃ ላይ የተቀመጠ ቁሌት ሦስቱንም አሟልቶ ይሰጠዋል።

ቡቱሊዝም ብርቅ በሽታ ነው፤ ላስፈራራችሁ ብዬ አላገንነውም። ነገር ግን በዚያው ድስት ውስጥ ሌሎች ብርቅ ያልሆኑ፣ ተቅማጥና ትውከት የሚያመጡ ባክቴሪያዎችም ይራባሉ። አንዳንዶቹ የሚተዉት መርዝ ደግሞ እንደገና ስናሞቀውም አይጠፋም። «እሳት ያላየ ምግብ ነው የሚያሳምመው» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። እሳት አይቶ የቀዘቀዘ፣ ቀዝቅዞም ክፍል ውስጥ የዋለ ምግብ ያሳምማል። ለአዋቂ የሁለት ቀን ሆድ ቁርጠት የሚሆነው ነገር ለዓመት ላልሞላው ልጅ ውሃና ጨው ከሰውነቱ አሟጦ የሚጥል ነው።

ምን እናድርግ?

ቁሌት አብዝቶ መሥራት ኃጢአት አይደለም። ሥራ የሚውሉ እናቶችና አባቶች ሌላ አማራጭ እንደሌላቸው አውቃለሁ። ከወረደ በኋላ ግን 2 ሰዓት ሳይሞላው ሰፋ ባሉና ጥልቀት በሌላቸው ትንንሽ ዕቃዎች ከፋፍላችሁ ፍሪጅ አስገቡት። ትልቅ ድስት እንዳለ ቢገባ መሐሉ ለሰዓታት ለብ እንዳለ ይቆያል። በ3 ወይም በ4 ቀን ውስጥ ተጠቀሙበት፤ ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁት በረዶ ቤቱ ውስጥ አስቀምጡት። ስታወጡት የምትፈልጉትን ያህል ብቻ አውጡና እስኪንተከተክ አሙቁት።

«ፍሪጅ የለኝም»፣ «መብራት ይጠፋል» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። ትክክል ናችሁ። መፍትሔው ግን በሽንኩርቱ ተፈጥሮ ውስጥ አለ፦ ያልተላጠ ሙሉ ሽንኩርት በደረቅና ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ያለ ፍሪጅ ለሳምንታት ይቆያል። ቁሌት ግን አይቆይም። ስለዚህ ፍሪጅ ከሌለ የሚከማቸው ሽንኩርቱ ይሁን፤ ቁሌቱ ለዕለቱ የሚበቃ ይሁን።

3. ሽንኩርት ከካልሲና ከጆሮ ይውጣ

ወደ ካልሲው ልመለስ። ብዙዎቻችሁ «ባይጠቅምም አይጎዳም» ትሉኛላችሁ። እኔ ደግሞ ይጎዳል እላለሁ። የሚጎዳው ሽንኩርቱ ራሱ አይደለም፤ የሚያባክነው ሰዓት ነው።

አንድ ሌሊት ተረኛ ሳለሁ የስምንት ወር ሕፃን ይዘው መጡ። ካልሲውን ሳወልቅ ከሁለቱም እግሮቹ የተቆረጠ ሽንኩርት ወደቀ። ሁለተኛ ሌሊቱ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሽንኩርቱ ጠቁሮ ሲያዩት «በሽታውን ስቦ አወጣው» ብለው ተደስተዋል። ሽንኩርት ተቆርጦ እግር ላይ ሲሞቅ ያድራል፤ ይጠወልጋል፤ ይጠቁራል። ጤነኛ ሰው ካልሲ ውስጥ ብታደርጉትም ይጠቁራል። ሕፃኑ ግን ሳምባ ምች ነበረው፤ ደረቱ በየትንፋሹ ወደ ውስጥ ይሰረጉድ ነበር። ተርፏል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ያቺ አንዲት ሌሊት ግን አላስፈላጊ ነበረች።

እናትየው ሰነፍ አልነበረችም። ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብላ ሽንኩርት ስትቀይር ያደረች እናት ናት። ትጋቷን የሰረቀው መልእክቱ ነው። ስለዚህ ነው የምቆጣው።

ልጃችሁ ሲያተኩስ ካልሲውን ተዉትና ልብሱን ገልጣችሁ ደረቱን እዩ። ሳያለቅስ፣ ጸጥ ብሎ ሳለ፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ቁጠሩ፦

- ከ2 ወር በታች ከሆነ 60 እና ከዚያ በላይ
- ከ2 እስከ 11 ወር ከሆነ 50 እና ከዚያ በላይ
- ከ1 እስከ 5 ዓመት ከሆነ 40 እና ከዚያ በላይ

ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ነው፤ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከደነዘዘ ወይም ለመንቃት ካስቸገረ፣ ደረቱ ከተሰረጎደ፣ ሌሊትም ቢሆን አትጠብቁ። ከ2 ወር በታች የሆነ ሕፃን ካተኮሰ ደግሞ ሌላ ምልክት አትፈልጉ፤ ያው ትኩሳቱ ይበቃል።

ጆሮም እንዲሁ ነው። የሽንኩርት ወይም የነጭ ሽንኩርት ጭማቂ ጆሮ ውስጥ አይጨመርም። የጆሮው ታምቡር ተቀዶ ከሆነ ጭማቂው ወደ ውስጠኛው ክፍል ይገባል። ሕመሙን በክብደቱ ልክ በሚሰጥ ፓራሲታሞል አስታግሱና አስመርምሩት።

ለሳል ተብሎ የሚሰጠው «ሽንኩርት በማር»ስ? ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር በምንም መልኩ አይሰጥም! ቅድም የነገርኳችሁ ባክቴሪያ ማር ውስጥም ሊተኛ ይችላል፤ የሕፃን አንጀት ደግሞ ገና ስለሆነ እዚያው ነቅቶ መርዙን ይሠራል። ዓመት ካለፈው ማር ሳልን ሊያለዝብ ይችላል፤ ሽንኩርቱ ግን ለድስቱ ይቅር።

4. ድስቱ ውስጥ ያለው ወንጀለኛ ሽንኩርት አይደለም

«ዶክተር፣ ወጥ ሲበዛበት ያሳምመኛል፤ ሽንኩርቱን ልተው?» ይሉኛል። ጥሬ ሽንኩርት ቃር ያለበትን ሰው ሊያባብስበት ይችላል፤ አንጀቱ ቶሎ የሚቆጣ ሰውንም ሊነፋው ይችላል። ለእነዚህ ሰዎች መቀነስ ተገቢ ነው። ለቀሪዎቻችን ግን ሽንኩርት ምን በደለ? 100 ግራም ሽንኩርት 40 ካሎሪ ገደማ ነው፤ 89 በመቶው ውሃ ነው።

ዘይቱን እንየው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ከጀሪካኑ በዓይን እየገመትን ስንደፋ ስንት ማንኪያ እንደገባ ማን ያውቃል? ወጡ ላይ ዘይት ካልተንሳፈፈ እንግዳ የተናቀ ይመስለናል። በብርድ የሚረጋው የፓልም ዘይት ደግሞ ግማሽ ያህሉ ለልብና ለደም ሥር የማይመከረው የቅባት ዓይነት ነው። ደም ግፊትና ስኳር ያለበት አባታችን ሽንኩርት እየተነሳለት ዘይት ይዋኝበታል!

እናቶቻችን ግን ድሮ መፍትሔውን ያውቁት ነበር። ሽንኩርቱን አድቅቀው ይከትፉና በደረቅ ድስት፣ ያለ ዘይት፣ እሳቱን ቀንሰው ያማስሉታል። ሽንኩርቱ በራሱ ውሃ ይበስላል። ሊይዝ ሲል ትንሽ ውሃ ጠብ ያደርጉበታል። ዘይቱ የሚገባው በመጨረሻ ነው፤ ያን ጊዜ ጥቂት ይበቃዋል። ከእኔ ምክር የሚጨመረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዘይቱን በማንኪያ ለኩት።

ጨውም እንዲሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ማለት ነው፤ በእንጀራውም በዳቦውም በሾርባ ቅመሙም ያለው ጨው ተደምሮ። በደንብ የተቁላላ ሽንኩርት የራሱ ጣፋጭነት አለው፤ ጨው እንድትቀንሱ ያግዛችኋል። ዓመት ላልሞላው ልጅ ምግብ ላይ ደግሞ ጨው አይጨመርም፤ የእሱን ድርሻ ጨውና በርበሬ ከመግባቱ በፊት ቀንሱለት።

5. እንባችሁን ያመጣው ሽንኩርቱ ብቻ ነው?

ቁሌት ጊዜ ይወስዳል። በከሰልና በእንጨት ሲሆን እናት አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ጭስ ውስጥ ትቆማለች። ብዙ ጊዜ ሕፃኑን አዝላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2020 ከቤት ውስጥ ጭስ ጋር በተያያዘ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ 237,000 ያህሉ ከ5 ዓመት በታች ሕፃናት ነበሩ። የሽንኩርቱ ጋዝ ዓይንን አስለቅሶ በደቂቃዎች ይሄዳል፤ ጭሱ ግን ሳምባ ውስጥ ይቀራል። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ተኝተን ይወስደናል።

ኤሌክትሪክ ምድጃ ይግዙ ብዬ በቀላሉ አላዝም፤ አቅም ያውቃል። የሚቻለው ግን ይደረግ። ከሰሉን ውጭ አቀጣጥሉት፤ በርና መስኮት ክፈቱ፤ ሕፃኑን ከጀርባችሁ አውርዳችሁ ለሌላ ሰው ስጡ። አባቶች፣ «ለሌላ ሰው» ያልኩት እናንተን ነው። እናንተ ሽንኩርት መክተፍም ትችላላችሁ፤ የሚያስለቅሰው ሁላችንንም እኩል ነው።

መሬት ላይ ያለ ምድጃ አጠገብ ልጅ አይድረስ። የፈላ ቁሌት ቆዳ ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር ከውሃ የባሰ ያቃጥላል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ፤ ካመለጠ ግን ወዲያው ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበት። ቧንቧ ከሌለ በጆግ እየቀዳችሁ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ አሁንም ሽንኩርት፣ አይቀባም! በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ሐኪም።

«አያቶቻችን በሽንኩርት ነው ያደጉት» ለምትሉኝ

አዎ፣ በልተውት ነው ያደጉት! እኔ ከአያቶቻችን ጋር ጠብ የለኝም። በደረቅ ድስት ማቁላላትን ያስተማሩን እነሱ ናቸው፤ ዛሬ የምመክራችሁም ወደ እሱ እንድንመለስ ነው። ካልሲ ውስጥ ሽንኩርት መክተት ግን ከአያቶቻችን ሳይሆን ከስልካችን የመጣ ነው። ባህል የሚመስል ሁሉ ባህል አይደለም።

ወሬ ማስተላለፍ ቀላል ነው፤ አንድ ጣት ይበቃል። ያንን ጣት ለዚህ ተጠቀሙበት። የሽንኩርቱን መልእክት የላከላችሁ ሰው ካለ ሳትሰድቡት ይህን ላኩለት፤ እሱም የላከው ስለሚወዳችሁ ነው። ሌላው ሁሉ ቢረሳችሁ እንኳ ይህችን ያዙ፦ ግማሹን ሽንኩርት አትጣሉት፤ ቁሌቱን ምድጃ ላይ አታሳድሩት፤ የሚያተኩስ ልጅ ሲኖር ደግሞ ትንፋሹን ቁጠሩ።

ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ በተራ እመልሳለሁ።